ተሳላሚዋ ሱባሩ

የአሮጌ መኪና ባለቤት በምን ይታወቃል ቢሉኝ በአቋቋሙ እላለሁ። አዲስ መኪና ያለው ሰው ጉዳዩ ካለበት ቦታ ይደርሳል፣ ያቆማል፣ ይወርዳል። በቃ። እኛ ግን አስቀድመን ቁልቁለት እንፈልጋለን። ምሳ የምንበላው ምግቡ በሚጣፍጥበት ቤት ሳይሆን ደጁ በሚያዘቀዝቅበት ቤት ነው። ለቅሶ ቤት ስንደርስ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ከሐዘንተኛው ፊት በፊት የምናየው የመንገዱን ተዳፋት ነው። ለምን ቢሉ፣ ሞተሩ በቁልፍ አልነሳም ያለ እንደሆነ ፍሬን ለቅቀን፣ ተንደርድረን፣ ማርሽ አስገብተን ለማስነሳት ነዋ! በዚህ በኩል ደብረ ታቦርን የመሰለ ከተማ የለም። አንዱ ሰፈር ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ነው። ፈጣሪ ከተማዋን ሲሠራ እኔንና ሱባሩዬን ሳያስብ አልቀረም።

ሱባሩዬ በዕድሜ ከትዳሬ ትበልጣለች። ባለቤቴ እናንዬ ይህን ስለምታውቅ እንደ ጣውንት ነው የምታያት። ቀለሟ በደጉ ዘመኗ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። የኋላ ቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፣ የፊት ግራው ከውጭ አይከፈትም፤ ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ሥርዓት አላት። ሞተሯ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና ቆሞ አይሠራም፣ ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ጋደም ብለው ነው የሚሠሩት። ጎረቤቴ ጋሽ ምሕረቴ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኮፈኗን በከፈትኩ ቁጥር አጥሩን ተደግፈው ያዩኝና፣ ተኝቶ ከሚሠራ ሞተር ምን ይጠበቃል ይሉኛል።

ለምን ጋራዥ አትወስዳትም አላችሁ? እናንተም እንደ እናንዬ ጀመራችሁ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቱታ ለብሶ፣ እጁን እስከ ክንዱ ግራሶ ነክሮ፣ ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ የማያውቅ ሰው ደስታን በወሬ ነው የሚያውቃት። እኔ ስልኬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰውዬ እያየሁ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። እርግጥ ነው፣ በእያንዳንዱ ጥገና መጨረሻ የሚተርፉኝ ቡሎኖች አሉ። አንድ ጣሳ ሞልተዋል። ያለ እነሱ ስትሄድ ሳይ ግን፣ ድሮም ትርፍ ነበሩ ማለት ነው ብዬ እጽናናለሁ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ የራዲያተሯ ቱቦ ተሰንጥቆ አገኘሁት። በገዛ እጄ ለወጥኩት። በአዲስ ውሃም ሞላኋት። ግቢዬ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፣ እሷም አፍንጫዋን ወደ በሩ ደፍታ ነው የምትቆመው፤ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈርዱብኛላችሁ። በተለይ የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔንና ተማሪዎቼን ስለ ዳገትና ቁልቁለት ሳደርቅ የምውል ሰው መሆኔን ስትሰሙ።

በዚያው ሰሞን እናንዬ ቆረጠች። ከክርስትና ቤት ስንመለስ በነጭ ቀሚሷ መኪና መግፋቷን አልረሳችውም፤ የመጨረሻዋን ቃል ተናገረች። አንድ የእብናት እህል ነጋዴ ሱባሩዋን ጓሮው አቁሞ መለዋወጫዎቿን ሊፈታታ ለመግዛት ይፈልጋል፤ ሰኞ ይመጣል። ሊፈታታ! ለመንኩ፣ ተማጠንኩ። በመጨረሻ እናንዬ፣ እንግዲያው እናቴ ትፍረድ አለች። አማቴ እማማ የሺ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከእብናት በታች ካለ ጠበል ገብተው ነበር፤ እሑድ ሱባዔያቸውን ይጨርሳሉ። ሄደህ እናቴን አምጣት፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ከቆመች ትሸጣለች፣ ካልቆመች ትኖራለች። ፍርዱ ይህ ነበር። አማት ዳኛ የሆነችበት ችሎት ላይ ቀርባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር አማች አማቱ ፊት ቀና ብሎ እንኳ አያወራም፣ እንኳን ይግባኝ ሊል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረድኩ። ቁልቁለት ስለሆነ ሱባሩዬ እንደ ሰርግ መኪና ተንሸራታ ደረሰች። እማማ የሺ ከጉልበታቸው ተሽሏቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ሙሉ ቢጫ ጄሪካን ጠበል አስቀድተው ጠበቁኝ። ጠበል የሚገባ ሰው ለራሱ ብቻ አይገባም፤ ሰፈሩ ሁሉ ለእኔም ትንሽ ብሎ አዟል። ጋሽ ምሕረቴ ለወገባቸው፣ ማዶ ያሉት ሴትዮ ለራስ ምታታቸው። ጄሪካኑን ከኋላ፣ ከእኔ የውሃ ጄሪካን ጎን አቆምኩት። እማማን በሥርዓቱ በሚከፈተው በር አስገባኋቸው፤ ጉዞ ጀመርን።

ዳገቱ እንደ ጀመረ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመካከል ተነሥታ ሽቅብ ማየት ጀመረች። እኔ ደግሞ ቁልቁል ማየት ጀመርኩ። ብቆም ተሸጠች፣ ባልቆም ተቃጠለች። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እንግዲህ ሰው የሚፈተነው በጭንቅ ቀን ነው፤ ቀና ስል ከመንገዱ ዳር በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ታየኝ። እማማ፣ ቅዱስ ሚካኤልን ሳንሳለም ብናልፍ ምን ይለናል አልኳቸው፤ መልስም ሳልጠብቅ ወደ ደጀ ሰላሙ በሚወርደው መንገድ ታጥፌ፣ እንደ ልማዴ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍቼ አቆምኩ።

እማማ የሺ ዘወር ብለው አዩኝ። አማቻቸው በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ሰምተው አያውቁም። ወረዱ። ግንቡን ተሳለሙ። ጸሎት ጀመሩ። የእማማ የሺን ጸሎት የማታውቁ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ያለውንም የሞተውንም ዘመድ በየስሙ ያነሳሉ፣ የታመመውን፣ የተጣላውን፣ መንገድ የወጣውን፣ ከብት የጠፋበትን አይረሱም። እንዲህ ያለ ጸሎት አንድ ራዲያተር ጥርት አድርጎ ያበርዳል። እኔም ከኋላ ቆሜ አንድ ዓይኔን ለቅዱስ ሚካኤል፣ አንድ ዓይኔን ለኮፈኑ ከፍዬ፣ ዘመዳቸው እንዲበዛ ከልቤ ተመኘሁ። እሳቸው ሳያዩ ከጄሪካኔ ውሃ ጨመርኩ፤ ተነሣን።

ለመሳለም መቆም፣ መቆም ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ለሕግ አዋቂዎች እተወዋለሁ። እኔ በበኩሌ በተሳለምኩ ቁጥር እየቀለለኝ ሄደ። ከሚካኤል ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ከተክለ ሃይማኖት ወደ መድኃኔ ዓለም። የደቡብ ጎንደር አባቶች በየጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን የተከሉት አርቀው አስበው ነው፤ አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ የለወጠ ሰው ሁሉ ቢያመሰግናቸው ይገባል። እማማ የሺ ፊታቸው በራ። ሚኒባስ ስሳፈር በየደጁ እያለፈ፣ እኔ ከወንበሬ አንገቴን ብደፋ እንጂ አንድም ቀን የተሳለምሁ አይደለሁም፣ የኔ ጌታ ይባርክህ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን ስል ግን መርፌዋ እንደገና ወደ ቀይ ትወጣ ነበር።

ከመድኃኔ ዓለም በላይ ያለው አቀበት ላይ ጉዴ ፈላ። ፈላ ስል በእውነት ነው፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡፍ ብሎ ወጣ። ዙሪያዬን ብቃኝ ቤተ ክርስቲያን የለም። ከሩቅ ጫፍ ላይ በዛፎች መካከል አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ትታያለች፣ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መታጠፊያም፣ ቁልቁለትም የለም፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ቆመች፤ ወርጄ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቅኩ። እማማ፣ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሆነን እንሳለም አልኳቸው። ከዚህ ነው የሚሻል አሉኝና ከመኪናው ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ ጉልላቷ አዙረው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። አሁን በዚህ ጸሎት ተስፋ ባደርግም፣ የእኔ ጄሪካን ባዶ ነበር። የመጨረሻዋን ጠብታ መድኃኔ ዓለም ላይ ጨርሻታለሁ።

ከኋላ የቀረው አንድ ጄሪካን ብቻ ነው።

እንግዲህ አትፍረዱብኝ፣ ወይም ፍረዱብኝ፣ ግን ቀስ ብላችሁ። ጠበል ለማን ነው? ለታመመ። ሱባሩዬ ምን ሆናለች? ታማለች፣ ትኩሳትም አላት። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፤ እንፋሎቱ ጋብ እስኪል ጠብቄ፣ ሞተሩን ቀስ ብዬ አስነሥቼ፣ በስመ አብ ብዬ ክዳኗን በጨርቅ ከፈትኩ፤ ጠበሉን በቀጭኑ አንቆረቆርኩላት። ያን ጊዜ ነው ጉዱ! ከራዲያተሯ አፍ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ነገር መጣ። አየር! ያች ሁሉ አየር ከውስጧ እየተግተለተለች ወጣች። ጠበሉ ወረደ፣ ጨመርኩ፣ ቡልቅ አለች፣ ጨመርኩ። ጄሪካኑ ተጋመሰ።

እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ውሃ ዝቅ ወዳለው፣ አየር ከፍ ወዳለው ይሄዳል፤ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ! እኔ ግን ግቢዬ ውስጥ አፍንጫዋን ቁልቁል ደፍቼ ውሃ ስሞላት፣ አየሩ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ተቀመጠ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅም እንደ ልማዴ ቁልቁል እየደፋሁ አቆምኳት። ሽቅብ ቀና ያለችው ዛሬ፣ ምርጫ ሳጣ ነው። እማማ የሺ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ጄሪካኑን ከኋላ ሰተር አድርጌ፣ እጄን በሱሪዬ እየጠረግኩ፣ እንደ ዲያቆን ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላማ መርፌዋ መካከል ላይ ተተክላ ቀረች። እንዴት ያለ ደስታ ነው! ዳገቱን በሙሉ እየዘፈንኩ ወጣሁት፤ አማቴ ፊት መዝፈኔን እንኳ ልብ ያልኩት ኋላ ነው። ከሩቅ የተሳለምናትን አለፍኩ። ማርያምን አለፍኩ። ጊዮርጊስን አለፍኩ። እማማ ከኋላ በየተራው ያማትባሉ፣ ቃል ግን አይተነፍሱም። በሱባሩዬ ጉልበት ተደንቀው ነው አልኩ።

ቤት ስንደርስ እናንዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፣ ጋሽ ምሕረቴም ከአጥራቸው። እናንዬ እናቷን እንኳ በወጉ ሳትስም፣ ቆመች ወይስ አልቆመችም ብላ ጠየቀች። እማማ የሺ ገብተው ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጉልበታቸውን አሹ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ የነጋዴው መፍቻ በጆሮዬ ይንቋቋል። ኋላ እማማ ተናገሩ። መኪናዋስ አትሸጥም፣ አሉ።

ዘልዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ቆይ አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አረቄ ሳወጣ የኖርሁ ሴት የፈላ ነገር ድምፁ ይጠፋኛል መስሎህ ነው? ሚካኤል ላይ ፈላች፣ ቆምህ። ተክለ ሃይማኖት ላይ ፈላች፣ ቆምህ። መድኃኔ ዓለም ላይም እንደዚያው። ኋላ ጠበሉን አጠጣሃት፣ በጎን ዓይኔ አይቻለሁ። ደግ አደረግህ፣ ታማሚ ናት። እሷስ ዳነች፤ አንተ ግን ምን ነካህ? ማርያምን እየዘፈንህ አለፍሃት! ጊዮርጊስን ዞረህም አላየኸው!

አንገቴን ደፋሁ፤ እውነት ነበር፣ አፈርኩ። አጥር ላይ ያሉት ጋሽ ምሕረቴ የወገባቸው ድርሻ ሞተር ውስጥ መግባቱን ሲሰሙ የሚያስሉ አስመስለው ሳቁ። እማማ የሺም ብይናቸውን ጨረሱ። በሚመጣው እሑድ ለሰፈሩ የጎደለውን ጠበል ለመቅዳት አብረን እንወርዳለን፤ ስንመለስ አንድም ቤተ ክርስቲያን አይታለፍም። እስከዚያ ድረስ መኪናዋን እንደ ድሮዋ አድርጌ ልመልስላቸው።

እማማ፣ አፈር ልሁንልዎት፣ ሳትፈላም እኮ መቆም እችላለሁ አልኳቸው።

«አንተንስ አላምንም ልጄ» አሉኝ፣ «እሷን ነው የማምን።»

ይኸው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቱታዬን ለብሼ፣ ራዲያተሯን አጉድዬ፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ ቁልቁል ደፍቼ እንደገና ውሃ እየሞላኋት ነው። ጋሽ ምሕረቴ አጥሩን ተደግፈው፣ ዛሬ ደግሞ ምኗ ተበላሸ አሉኝ። ምንም አልተበላሸም፣ ችግሩ እሱ ነው አልኳቸው።