ቅቤ የጠጡት አስራ ስድስት ኳሶች

ዛሬ የሠራሁትን ከመናገሬ በፊት፣ አንፎሎው እንደማታደርጉኝ ማሉልኝ!

እዚህ ላሊበላ እትዬ ዘነበች የሚባሉ የሆቴል ባለቤት ፑል ቤት ሊከፍቱ ነው። ኳሶቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወልድያ ድረስ ሄጄ፣ አንድ በአንድ መስታወት ላይ እያንከባለልኩ፣ ወደ ጎን የሚያዘነብለውን እየመለስኩ።

እትዬም "ዛሬ ሰው ይሞክራቸው፤ ደህና ከሆኑ ቤቱን አንተ ትይዛለህ" አሉኝ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ አስጎብኚነቴ መታወቂያው ላይ ብቻ ነው ያለው። ይቺን ሥራ እንዴት እንደፈለግኳት!

ለዚችው ሥራ ተፎካካሪዬ ሲሳይ የሚባል፣ የገብስ አገር የፍላቂት ልጅ ነው። እትዬ ኳስ እንዴት ይያዛል ሲሉን፣ "ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው" አለ።

ሳቅኩበት። በሰው ፊት!

"ወንድሜ፣ ይሄ ፑል ነው፤ የፍላቂት ገብስ መሰለህ የምታጥበው?"

እኔ ፕሮፌሽናሉስ? አያቴ የቀንድ ዋንጫቸውን ቅቤ እየቀቡ ነበር የሚያሳምሩት። ታዲያ ኳስ ከቀንድ በምን ያንሳል? እናቴ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ቅቤ በጠዋት ሰርቄ አስራ ስድስቱንም አሸኋቸው። ሲያበሩ ብታዩ! አይታችኋል እኮ፤ ፎቶውን ላይክ ያደረጋችሁ አትደበቁ።

ከሰዓት ቤቱ ሞላ። እትዬ ቆሎ አቀረቡ። ሰዉ ኳሱን በእጁ ይደረድራል፣ ቆሎውን ይዘግናል፣ ይቆረጥማል።

ነጩ ኳስ የጠረጴዛውን ምንጣፍ ብናኝ ለቃቅሞ ጸጉር አበቀለ። መምቻው ስቴካ ሲነካው ያንሸራትተዋል። "አዲስ ስለሆነ ነው" አልኩ ኮስተር ብዬ።

ሲሳይ አንዷን አንስቶ አሸተታት።

"ቅቤ ነው እንዴ?"

ሰዉ ሁሉ እጁን ከቆሎው መለሰ።

ጾም ነዋ! ያውም ዐቢይ ጾም! አንዱ ዲያቆን የያዘውን ቆሎ ከነምራቁ ተፋው።

እትዬ ዘነበች ጣታቸውን አሸተቱ። "አንተ! ሰዉን ሁሉ አስገደፍከው እኮ!"

ሲሳይ አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ብቻ ጠየቀ። ሳፋውን የያዝኩለት እኔው ደደቡ ነኝ። የቤቱን ቁልፍ ግን እሱ ይዞ ወጣ።

እናቴ እስካሁን የቅቤውን ማሰሮ አልከፈተችም። ከእሷ የባሰብኝ ግን የንስሐ አባቴ ናቸው።

ምን ልበላቸው? "አባ፣ እኔ እንኳን ጾሜያለሁ፤ የገደፉት ኳሶቹ ናቸው" ልበል?