እታፈራሁን ማን ቀድሟት ያውቃል

በየሰፈሩ አንዲት ቀዳሚ ሴት አትጠፋም። ዝናብ ሊመጣ ሲል ልብሷን ከሰው በፊት የምታስገባ፣ ጤፍ ሊወደድ ሲል ቀድማ የምትሸምት፣ ልጇ ከሰው ልጅ በፊት ጥርስ የሚያበቅልላት። እንዲህ ዓይነቷን ሴት ጎረቤት አድርጎ አላህ የሰጠው ሰው ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። ለወልድያዋ ቶይባ የተሰጠቻት ክብርት ወይዘሮ እታፈራሁ ነበረች፤ የአይሱዙ ሾፌሩ የገዛኸኝ ሚስት፣ በአንድ አጥር የምትዋሰናት፣ የሰፈሩ ቀዳማዊት እመቤት።

እታፈራሁ ከአፏ የማትለያት አንዲት ንግግር አለቻት፤ "እኛማ ድሮ!" ቶይባ "ሽንኩርት ረክሷል አሉ፣ ልግዛ" ስትል፣ "እኛማ ድሮ ገዛን!" ቶይባ "ልጄን ናጅዋን ላስከትባት" ስትል፣ "እኛማ ድሮ!" ሁለቱ በአንድ ሳምንት ነው የወለዱት። እታፈራሁ ግን ልጇን ፅዮንን በሦስት ቀን ቀድማ ተገላግላለች፤ ይህንንም አራት ዓመት ሙሉ አልረሳችም፣ ማንንም አላስረሳችም። ቶይባማ "ቂያማ ሲቆም እንኳ እቺ ሴት ከመቃብሯ ቀድማ ወጥታ 'እኛማ ድሮ ተነሣን' ትለኛለች" እያለች ትብሰከሰክ ነበር።

በ2013 ሐምሌ ላይ ከተማው ውስጥ ሞንተሶሪ የሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ሊከፈት ነው ተባለ፤ ቦታው ለሃያ ልጅ ብቻ። ቶይባ በዚህች እንኳ ላትሸነፍ ማለች። እሷ ራሷ ከገጠሯ ግራና የመጣችው ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ነው፤ ናጅዋ እንደሷ እንዳትቀር ሌት ተቀን ታስባለች። እናም ልጂቱን ኤ ቢ ሲ ስታስለፈልፋት ከረመች። ውሃ እንዳትቀዳ፣ ዕቃ እንዳትነካ፣ መጥረጊያ እንዳትይዝ ከለከለቻት። "አንቺ ማጥናት ብቻ!"

የፈተናው ቀን ዳይሬክተሯ ወይዘሮ በላይነሽ ፊደል የሚባል ነገር አልጠየቁም። ባቄላና ሽምብራ የተደባለቀበት ሳህን፣ አንድ ማንቆርቆሪያና ሁለት ስኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "እስቲ ለዩልኝ፤ ውሃም ቅዱልኝ" አሉ። ፅዮን ውሃውን ደፋችው፤ ግን ማንም ሳይነግራት ጨርቅ ፈልጋ ጠረገችው። ናጅዋ ባቄላውን አየት አደረገችና ሁለቱን እጆቿን ወደ ኋላዋ ደብቃ ከኤ እስከ ዜድ ወረደችው።

"ጎበዝ ናት" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ፣ "ግን እዚህ ልጅ በገዛ እጁ እየሠራ ነው የሚማር።" ፅዮን ገባች። ናጅዋ ተጠባባቂ ሆና ቀረች።

"እኛማ ድሮ!" አለች እታፈራሁ በአጥሩ በኩል፣ "ፅዮኔ ስኒ ማጠብ የጀመረችው ገና ሁለት ዓመቷ ሳይሞላ ነው!" ቶይባ እርር ድብን አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናጅዋ ፊደሉን ትታ ምስር ስትለቅም ትውላለች። በሐራ ገበያ እህል የሚነግደው ባሏ አብዱሰመድ ይህን አይቶ፣ "ወላሂ እኔም ምስር ስለቅም ነው ያደግሁት፤ ለካ ሞንተሶሪ ተምሬያለሁ!" ቢላት ሁለት ቀን አኮረፈችው።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደረሰ። የመድፉ ድምፅ ከቆቦ በኩል ሲቃረብ ማን ቀድሞ ጠቀለለ? ክብርትነቷ። ይሁንና አይሱዙው ላይ ከመውጣቷ በፊት የቶይባን በር አንኳኳች። "ቶይባ፣ ተነሺ! ለእናንተም ቦታ ትቻለሁ።"

"የአብዱሰመድ እናት መንገድ አይችሉም" አለች ቶይባ። ውሸቷን አልነበረም፤ እውነቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ በሽሽቱም በደግነቱም ቀድማታለችና፣ ከኋላዋ ተከትሎ መሄድ ሞት ሆነባት። መኪናው እስኪታጠፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየችና ገባች።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ከምናምን መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮ የለ። ቶይባ ልጇን በቆሎና በንፍሮ አቆየቻት። የእታፈራሁ ቤት በሩ ተገንጥሎ ዕቃው ሲጋዝ በዓይኗ አየች። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአጥሩ ጸጥታ ደስ ብሏት ነበር። ውሎ ሲያድር ግን የሚቀድማት ሰው ማጣት ከበዳት፤ እነ እታፈራሁ ሸሽተው የሄዱባት ደሴም ተያዘች ሲባል እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። "እቺ ቀዥቃዣ፣ የት ወድቃ ይሆን?" ትላለች፣ ደግሞ ተናዳ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማውን ይዞ የቆየው ጦር ወጣ። የካቲት ላይ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሆነ። የድሮው መዝገብ የለም፤ የተረፈው ወንበር ለአሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ነው፤ የቀደመ ይመዘገባል ተባለ። ስልክ ተመልሷል፣ የእታፈራሁ ቁጥር ግን አይጠራም። ቶይባ ገና ሲነጋጋ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ከፊቷ ማንም የለም። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ!

"የልጅሽ ስም?" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

"ፅዮን ገዛኸኝ።"

ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ አነሱ። "የነሱ ወሬ ተሰማ እንዴ?"

"አልተሰማም" አለች ቶይባ። "እርስዎ ብቻ ይጻፏት። ይመጣሉ።"

"ናጅዋስ?"

"ቀጥላ ትጻፍ። እናቲቱን አውቃታለሁ፤ ሁለተኛ መባሏን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።"

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አይሱዙው መጣ። እታፈራሁ ከስታ፣ ነጠላዋ ነትቦ ወረደች። በር አልባ ቤቷን አይታ ሳትጨርስ ቶይባ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሌላው ወሬ ሁሉ ቢቆይ ቶይባ ይህችን ማቆየት አልቻለችም፤

"ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ፅዮንን አስመዝግቤያታለሁ።"

"ስንተኛ?" አለች እታፈራሁ፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ።

"አንደኛ።"

"ናጅዋስ?"

"ሁለተኛ።"

እታፈራሁ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ የቶይባን እጅ ያዝ አድርጋ፣ "እኔ ብሆን እኮ የኔን ነበር የማስቀድመው" አለቻት።

"አውቃለሁ" አለች ቶይባ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።