ክብርት የሰልፉ ጭራ

በዓለም ዙሪያ የሴቶች የሞተር ብስክሌት ማኅበራት የቱንም ያህል ቢበዙ፣ አንዲት ደስታ አጥፊ የሌለችበት አይገኝም። ሌሎቹ ነፋስ ለመቀበል ይመጣሉ፤ እርሷ ጥፋት ፍለጋ ትመጣለች። የሪያዱ ማኅበራችን ድርሻውን በክብርት ወይዘሮ መዓዛ ተቀብሏል።

መዓዛ መንሱራ ሰፈር የምትኖር ነርስ ናት። ከሰልፋችን መጨረሻ መንዳት ሹመቷ ነው፤ የሾማት ግን የለም። ዓርብ ማለዳ ከአንዳችን አገጭ ወደ ሌላችን እየተሻገረች የሄልሜት ማሰሪያ ትጎትታለች። «ማሰሪያሽ! እህቴ፣ ጭንቅላትሽ መለዋወጫ አለው?» ሊቀ መንበራችን ሩታ አንድ ጊዜ ለፎቶግራፍ ስትል ሄልሜቷን አውልቃ ልትነዳ ብትነሣ፣ መዓዛ የሞተሩን ቁልፍ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«ኸላስ! ፎቶሽን ቆመሽ ተነሺ።»

ሊቀ መንበሯ ቆማ ተነሣች።

ባለፈው ዒድ ማግስት ጁማና መጣች። ሪያድ ተወልዳ ያደገች ተማሪ ናት። አባቷ አቶ ሙሐመድኑር የፈቀዱላት ለአንድ ጉዞ ብቻ ነበር፤ አንዲት ጭረት ካዩባት ሞተር የሚባል ነገር በቤታቸው ዳግመኛ አይነሣም። ልጂቱ ይህን እያወቀች፣ መሬት ሊጠርግ ጥቂት የቀረውን የዒድ አባያዋን ለብሳ ቀረበች። እኛ አጭሩን የምንለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የረጅሙን ጫፍ ሰንሰለት ይበላዋል። መዓዛ ጫፉን ሰብስባ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው።

«ወላሂ፣ እንደ ሕፃን አደረግሽኝ!»

«ሕፃንማ ትሰማለች።»

ከሱወይዲ ሰፈር እንደወጣን ነፋሱ መርፌ ቁልፉን አስለቀቀው። ከኋላ የመዓዛ ጥሩንባ ያለ ፋታ ጮኸ። ጁማና ጥግ ይዛ ስትቆም ሰንሰለቱ የአባያውን ጫፍ ነክሶ ነበር፤ ጥቂት ጨምራ ብትነዳ ኖሮ ከነሞተሯ አስፋልት ላይ ነበረች። መዓዛ የፋሻ መቀሷን አወጣች።

«የዒድ አባያዬን? ላ! አባቴ ይቆጣኛል!»

«የሚቆጣው በሕይወት ላለች ልጅ ነው። ያላ፣ አትንቀሳቀሺ።»

ስንመለስ አባትየው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዓይናቸው ከልጃቸው ጉልበት በታች ወዳለው የተሸራረፈ ጨርቅ ወረደ።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች መዓዛ፤ ሰንሰለቱ ያኘከውን፣ በቅባት የጠቆረውን ቁራጭም ሰጠቻቸው። እርሳቸው ቁራጩን አገላብጠው አዩት።

«በሚመጣው ዓርብም ከኋላዋ የምትሆኚው አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ትምጣ።»

ሰውን ማመስገን ልማዴ አይደለም፤ የመዓዛም አንደበት ምስጋና አይገባውም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ፣ ስለ ሥርዓት ስጽፍ የኖርሁት እኔ፣ ዓርብ ማለዳ የሄልሜቴን ማሰሪያ ሆን ብዬ አላልቼ እቆማለሁ። መዓዛ ትመጣለች፤ እስኪያንቀኝ ትጎትተዋለች። «አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ ይባላል!» ትለኛለች።

ሞተሬን የማስነሣው ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።