የዓለም ገና ነፋስ

ሰው የሚሳሳተው በማያውቀው ነገር ይመስላችኋል? የማያውቀውንማ ፈርቶ ይጠይቃል። ጉድ የሚያፈላው የሚያውቀው ነው። እኔ ሰበታ ላይ ስንት ዘመን ላም ሳልብ ኖሬ፣ ስለ ቅዝቃዜ ማን ሊያስተምረኝ? ወተት በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። አለቀ።

ባለቤቴ ታሞ ሳለ መርፌ ታዘዘለት። «ቀዝቃዛ ቦታ ይደር» ተባልን። ሌላም ምክር ነበረው፤ እኔ ግን «ቀዝቃዛ» የሚለውን ስሰማ የቀረውን ማን ሰምቶ! መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ፍሪዘርን የመሰለ ምን አለ? ከተትኩት። በማግስቱ አዲስ አበባ ስንደርስ ነርሷ ብልቃጡን አገላብጣ፣ «በረዶ ሆኗል፤ አይሰጥም» አለች። እኔም ሳላፍር፣ «መንገድ ላይ ይሆናል፤ ስናልፍ የዓለም ገና ነፋስ ከባድ ነበር» አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በላብ ተጠምቆ! ባለቤቴ ግን፣ «እውነቷን ነው፤ አጥንት ይሰብራል» አለ። አመነኝ።

ሌላ መርፌ እስኪገኝ ሳምንታት አለፉ። ዓመት ሳይሞላ እሱም አለፈ። ፍሪዘሩን ከዚያ ወዲህ ነቅዬ ተውኩት።

ልጃችን ሰላም ቤተ ሙከራ ነው የምትሠራው። የአባቷ ዓይነት መድኃኒት፣ አንቲቦዲ የሚሉት፣ ከአይጥ ዘመድ በተወሰዱ ሴሎች ይመረታል አሉ። (ባለቤቴ ይህን ቢሰማ «የጾም ነው?» ማለቱ አይቀርም ነበር።) ባለፈው እሁድ መጥታ፣ ሴሎቿ ይባዛሉ እንጂ መድኃኒቱን አልሰጥ ብለዋት እንደነበር አጫወተችኝ።

«ቀለብ አብዝተሽ ነዋ! የሰባች ላም ወተት የላትም» አልኳት።

«እሱም አለበት፣ እማዬ። የበጀን ግን ሙቀቱን መቀነስ ነው። ቀዝቀዝ ሲላቸው መባዛቱን ይተዉና መድኃኒቱን ያመርታሉ።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ብርድ ጥሩ ነው በይኛ!»

«ቀዝቀዝ አልኩ እንጂ በረዶ መቼ አልኩ? ደግሞ ለሴሎቹ ነው እንጂ ለተሠራው መድኃኒት አይደለም።» ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ ነግሮኛል።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ምን ብሎ?»

«‹እናትሽ መድኃኒቴን እንደ ወተት አቀዘቀዘችው። ማወቄን እንዳትነግሪያት፤ ታምሜ እሷን ማስታመም ይመጣብኛል› ብሎ።»

«ያ መዘግየት ገድሎት ይሆን?»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። በእሱ አይደለም ብሎኛል።»

«እሱም እንደ አባትሽ እየሸፈነልኝ ቢሆንስ?»



ትናንት ፍሪዘሩን ሰክቼ ሥጋ አስገባሁበት። መብራት ጠፍቶ ቢበላሽ በዓለም ገና ነፋስ አሳብባለሁ። ግን «እውነቷን ነው» የሚለኝን ሰው ከየት አመጣለሁ?