ሐሙስን ረቡዕ መቅዳት

ምንም የማይፈልግ ሰው እንቅልፉ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ከልምድ ነው፤ እኔ ራሴ ትራስ ካገኘሁ መተኛት አይቸግረኝም። ፍርሃት የሚመርጠው አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልገውን ሰው ነው። ትልቅ ቦታ ለመድረስ የሚመኘው ሰው ቤት ሰተት ብሎ ይገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ባይሳካልህስ?» ሲለው ያመሻል። ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለን የሚሉም ሞልተዋል። ስልካችሁን ስትከፍቱ አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት «በራስህ እመን!» ብሎ ይጮህባችኋል። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሁለተኛ ምንጭ ሳላገኝ ማንንም አላምንም፣ ራሴንም ጨምሮ። ስለዚህ ምክር የለኝም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

የምሠራው ጂንካ ባለች አንዲት የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ዜናው በአማርኛ ይጻፍና ተርጓሚዎች ወደ አካባቢው ቋንቋዎች ይመልሱታል። አስቴር ከተርጓሚዎቹ አንዷ ነበረች። አባቷ አቶ ዳንኤል ከጋሞ መጥተው ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ የልብስ ስፌት የከፈቱ ሰው ናቸው። እሷ ገበያው ዳር ስላደገች የበና ቋንቋ ስትናገር ከበና ልጆች ለይታችሁ አታውቋትም። ስትተረጉም አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም። ታዲያ ይህ አልበቃትም። ሰው የጻፈውን ማንበብ ሰልችቷት የራሷን ፕሮግራም ፈለገች፤ በየሐሙሱ ከቀይ አፈር ገበያ በበና ቋንቋ በቀጥታ የሚተላለፍ።

ኃላፊያችን አቶ መኮንን ብዙ አሰቡበት። ብዙ ማሰብ ከኃላፊነት ተግባራት አንዱ ነው። በመጨረሻም አንድ ሐሙስ ትሞክር አሉ። ከተሳካላት ፕሮግራሙ የእሷ ይሆናል፤ ካልተሳካላት ወደ ትርጉም ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። «የአየር ሰዓት መለማመጃ ሜዳ አይደለም» ሲሉም አከሉበት፤ እንድትበረታ ብለው ይመስለኛል።

አስቴር ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ሳትጨርስ መነሳት ጀመረች። ባገኘኋት ቁጥር አዲስ ስጋት ይዛ ትጠብቀኛለች። «ጋሼ፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ? ጋሼ፣ ሰው ቢስቅብኝስ? አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ እኮ ነው የሚሰማኝ! ኔትወርክ ቢጠፋስ?» ኔትወርክማ እንደሚጠፋ ነገርኳት፤ እውነት ነዋ። ይህ እንዳላጽናናት ፊቷን አይቼ ተረዳሁ።

የእኛ ሙያ ደግሞ ለፍርሃት አንድ የተከበረ ስም አውጥቶለታል፤ መጠባበቂያ ይባላል። በቀጥታ ስርጭት ላይ መስመሩ ቢቋረጥ ቴክኒሻኑ የሚለቀው ነገር አስቀድሞ ይቀመጣል። ሌላው ሰው ዘፈን ያስቀምጣል። አስቴር ግን ረቡዕ ዕለት ስቱዲዮ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ሐሙስን ራሱን ቀዳችው። ከነፍየሉ ጩኸት፣ ከነክርክሩ፣ ከነፀሐዩ። የፍየሉን ድምፅ ከድሮ ቅጂዎች አገኘች፤ የቀረውን ከልጅነቷ። ሐሙስ ቀይ አፈር ምን እንደሚመስል እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?

ሐሙስ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ምክንያቴን ለሚጠይቅ ሁሉ «የገበያ ዋጋ ልሰበስብ ነው» አልኩ።

ዝናቡ የጀመረው እኛ መንገድ ላይ ሳለን ነው። ቀይ አፈር ስንደርስ የገበያው ሜዳ ኩሬ ሆኗል። ሻጭ የለም፣ ገዢ የለም፤ አንድ ፌስታል ብቻ ይንሳፈፋል። አቶ ዳንኤል በረንዳቸው ላይ ሬዲዮውን ስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጠው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተውታል። እንዳለችውም ጎረቤቱን ጠርተዋል። ከጎረቤቶቹ መካከል ዝናቡ ሳይጥል ማራቸውን ይዘው የደረሱ አንድ የበና ሽማግሌ በርኮታ በምትባለው ትንሽ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠዋል።

አስቴር ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችኝ።

«ጋሼ፣ ገበያ የለም!»

«ታዲያ የለም በያ።»

«የለም ካልኩ በኋላስ ምን እላለሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ምንም ሳይኖራቸው ሰዓት ሙሉ የተናገሩ ሹማምንት ፊት ማይክ ይዤ ቆሜ አውቃለሁ፤ ግን ያ ችሎታ ከሹመቱ ጋር የሚመጣ ነው። መልስ እየፈለግሁላት ሳለ ስልኳ ጠራ፤ ስቱዲዮው ነበር፣ አየር ላይ ሊያስገባት። አየችው። ጊንጥ እንደሚያይ ሰው ነው ያየችው። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ከዚያ በረንዳው ላይ፣ ከሬዲዮው ውስጥ፣ የአስቴር የረቡዕ ድምፅ መጣ። «ውድ አድማጮቻችን፣ ከቀይ አፈር ገበያ በቀጥታ! ፀሐይዋ ደምቃለች፣ ገበያው ጢም ብሏል፣ ፍየሉም ማሩም በሽ ነው፤ ቤቱ የቀረ ይቆጨዋል!»

እንደ ባለሙያ ከተጠየቅሁ ግሩም ዘገባ ነበር። የጎደለው ገበያው ብቻ ነው።

አቶ ዳንኤል ሬዲዮውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ጎንበስ ብለው ያልወደቀ መርፌ ይፈልጉ ጀመር። ሽማግሌው ግን ሬዲዮውን በደንብ አዳመጡ፣ ዝናቡን አዩ፣ ኩሬውን አዩ፣ በርኮታቸውን አንስተው ቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። የበና ቋንቋ ከሬዲዮ ሲመጣ ይገባኛል፤ ከሽማግሌ አፍ ሲመጣ ያመልጠኛል። ስለዚህ «ምን አሉ?» ብዬ አስቴርን ጠየቅኋት።

የተሳቀው በእሷ ነበር። ሙያዋ ግን አልከዳትም፤ አልጨመረችም አልቀነሰችም። «"ለካ የመጣሁት የተሳሳተ ገበያ ነው። ወደዚህኛው ገበያ የሚወስደውን መንገድ አሳዩኝ" ነው የሚሉት።»

ተርጉማ እንደጨረሰች ራሷም ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። ከእንባው የትኛው የሳቅ፣ የትኛው የለቅሶ እንደሆነ አላጣራሁም፤ ያላጣራሁትን ደግሞ አልዘግብም።

ከዚያ ስቱዲዮ ደወለች። ቅጂው እንዲቆም አዘዘች፤ አዎ፣ አዘዘች። ወዲያው አየር ላይ ገባች። «አስቴር ነኝ። እስካሁን የሰማችሁት ትናንት የተቀዳ ነው። የቀዳሁት ስለፈራሁ ነው። ቀይ አፈር አሁን ዝናብ ነው፤ ገበያ የለም። ያለነው እኛ ነን።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሰውም ስቋል። የፈራችው ሁሉ በአንድ ጠዋት ደረሰና እሷ ግን አሁንም ስልኩን ይዛ ቆማለች። ስልኩን ወደ ሽማግሌው አስጠግታ ዝናቡ የት እንዳገኛቸው ጠየቀቻቸው። እሳቸው ስለ ደመናው፣ ስለ ሣሩ፣ ከዝናብ በኋላ ስለሚቆጡ ንቦች ሲያወሩ ሰዓቱ አለቀ።

እንዳበቃች አቶ መኮንን ደወሉ። አጭር ነበር፤ «ቢሮ እንነጋገራለን።»

«በቃ፣ ጠረጴዛዬ ናፍቆኛል» አለችኝ። አባቷ ሻይ አዘዙልን። የሦስታችንም ሻይ ቀዘቀዘ።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሰው ፍየሎቹን እየነዳ ብቅ አለ። ቀጥሎ ቅል የተሸከሙ ሴቶች መጡ። ቀጥሎ እነሱን የተከተሉ ሌሎች። ነገሩን ለማጣራት ከሴቶቹ አንዷን አስጠየቅሁ። ዝናቡን አይተው ቤታቸው ሊውሉ ነበር፤ «ቤቱ የቀረ ይቆጨዋል» የሚለውን ሲሰሙ ተነስተው ወጡ። ሬዲዮው ቤት ቀረ። እውነቱ የተነገረው እነሱ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ ማንም አልሰማውም።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ጢም አለ። ፀሐይዋ ደመቀች። ዞሬ ዞሬ አረጋገጥኩ፤ ረቡዕ የተቀዳው እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነበር። ሐሰት ሆኖ የተገኘው በቀጥታ የተላለፈው እውነት ነው።

ለአቶ መኮንን ደውዬ ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው። አሰራር የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ «ገበያ የለም ተብሎ ተላልፏል፣ አሁን ገበያ አለ። እንግዲህ እርማት ይተላለፍ» አሉ።

ስልኩን ለአስቴር ሰጠኋት። አትፈሪም ወይ አልኳት። «እፈራለሁ እንጂ ጋሼ። ግን ከጠዋቱ የባሰ ምን ይመጣል?» አለችና ፍየሎቹ መሃል ገባች። አቶ ዳንኤል በዚህኛው ጊዜ መርፌ አልፈለጉም። ሬዲዮው አጠገብ፣ ልብስ እንደሚለካለት ደንበኛ ቀጥ ብለው ቆሙ።

አቶ መኮንን ሙከራው ተሳካም አልተሳካምም አላሉም። «በሚመጣውም ሐሙስ ትሂድ» አሉ እንጂ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ እልልታ ነው።

መኪና ልንገባ ስንል ማራቸውን ሸጠው የጨረሱት ሽማግሌ አስቴርን ጠሯት። አሁን ቀስ ብለው ስለተናገሩ ያለ ተርጓሚ ገባኝ።

«ልጄ፣ የሚመጣውን ሐሙስ ቀድተሽው ከሆነ፣ ማር ስንት እንደሚሸጥ ንገሪኝና ልሂድ።»