የወንዴ ትንሿ ስክሪን

[ላሊበላ። ከገበያው ከፍ ብላ ያለች ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። የታኅሣሥ ጧት ነው፤ ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል። ጠረጴዛው ላይ ሞኒተርና ፕሪንተር አሉ። ከጎናቸው ኮምፒውተሩ በዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ ደግሞ በወፍራም ጋቢ እስከ እግሩ ተጀቡኖ ቆሟል። የቤቱ ባለቤት ወንዴ የሻይ ቅጠል ካርቶን በስቶ አንዲት ትንሽ ስክሪን እየገጠመበት ነው። አብሮ አደጉ አረጋ፣ እንግዳ በበቅሎ ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጣው፣ በስስ ኮት ቆሞ እጁን ያፋትጋል።]

አረጋ፦ አንተ ሰው! እኔ የልጄን ሁለት መቶ የሠርግ ካርድ አትምልኝ ብዬ መጣሁ እንጂ የሻይ ካርቶን ብሳልኝ አልኩህ?

ወንዴ፦ ካርቶን አይደለም። የስክሪኗ ቤት ነው።

አረጋ፦ ስክሪን አለህ እኮ! ይሄ ፊትህ የተገተረው ምንድን ነው?

ወንዴ፦ እሱ ለደንበኛ ሥራ ነው። ይቺ ግን የኮምፒውተሩን ጤና የምትነግር ናት።

አረጋ፦ ታሟል እንዴ?

ወንዴ፦ ካልታመመ ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬ ጧት አንድ ጊዜ ለምን ድርግም አለ?

አረጋ፦ እሱንማ አየሁ። ሦስቴም «ሙሽሪት ዳግማዊት አረጋ» ብለህ ሳትጨርስ ነው የጠፋው። ልጄ ሦስት ጊዜ ግማሽ ሙሽራ ሆና ቀረች።

ወንዴ፦ ለዚህ እኮ ነው! የዚህ እቃ ውስጡ ምን እንዳለ ከውጭ አይታወቅም። መጥፋቱን ታያለህ፤ ሊጠፋ መሆኑን ግን ማን ይነግርሃል? ይቺ ትነግርሃለች።

አረጋ፦ ትልቁ ለምን አይናገርም?

ወንዴ፦ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋላ።

አረጋ፦ ይቺስ አትጠፋም?

ወንዴ፦ [ትንሽ አስቦ] ትጠፋለች። ግን አስጠንቅቃ ነው የምትጠፋው።

አረጋ፦ ማለፊያ። ጨዋ ናት።

ወንዴ፦ ደግሞ ሳንቲም አላወጣሁባትም። ስክሪኗን ጋሸና ከተማ ከሞተ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ፈታኋት። ገመዷ የተበላሸ ማውስ ገመድ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የምታግባባት ቦርድ ደግሞ አንድ ፈረንጅ እዚህ የረሳት ናት።

አረጋ፦ የሞተ የሞተውን ሰብስበህ ነው በሽተኛ የምታስታምመው?

ወንዴ፦ ቴክኖሎጂ አይገባህም፣ ተወው።

አረጋ፦ ወንዴ፣ ስማኝ ወንድማለም። ወደ ሙሽራው አገር ወደ ሙጃ የምትሄደው መኪና አምስት ሰዓት ላይ ትነሣለች። ከገና በፊት ቦታ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ከዛሬ ወዲያ መኪናው ሁሉ የተሳላሚ ነው። ካርዱ ዛሬ ካልደረሰ የሙሽራው ወገኖች «ናቁን» ይላሉ። ዳግማዊት ትዳሯን በኩርፊያ እንድትጀምር አልፈልግም። እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ነው።

ወንዴ፦ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። ይደርሳል።

አረጋ፦ በዚያ ላይ በረደኝ። እስቲ ያንን ጋቢ ልደርብ።

ወንዴ፦ እንዳትነካው! የኮምፒውተሩ ነው።

አረጋ፦ ኮምፒውተር ይበርደዋል?

ወንዴ፦ የላስታን ብርድ ታውቀው የለም? አቧራውንስ? ዳንቴሉን ባለቤቴ የትናየት ሠራችለት፤ ጋቢውን እኔ ጨመርኩለት። ንብረት መያዝ እንዲህ ነው።

አረጋ፦ አይታፈንም?

ወንዴ፦ አረጋ፣ አንተ በቅሎህን እወቅ። ይሄን ለኔ ተወው።

[ገመዱን በጋቢው ሥር አሾልኮ ይሰካል። የካርቶኑ መስኮት አረንጓዴ ይበራል።]

ወንዴ፦ በራች! እያት፣ እያት! አርባ ስምንት አለች!

አረጋ፦ እሰይ! በል ጀምር!

[ወንዴ ይጽፋል። ፕሪንተሩ እየተንጫጫ ማተም ይጀምራል። አረጋ ትንሿ ስክሪን ላይ አፍጥጧል።]

አረጋ፦ ሃምሳ ስምንት! በርታ ወንዴ!

ወንዴ፦ ምን በርታ ትለኛለህ?

አረጋ፦ ስድሳ አራት! ሰባ አንድ! ወይ ፍጥነት! በዚህ አያያዝ ሁለት መቶው ከአምስት ሰዓት በፊት እልም ይላል!

ወንዴ፦ የካርድ ቁጥር መሰለህ እንዴ? ሙቀቱ ነው! የታተመው አሥራ ሁለት ነው።

አረጋ፦ [እጁ እንደተነሣ ይቀራል] ሙቀት? እኔ ሙቀት ሲጨምር ነው ሳጨበጭብ የቆየሁት?

ወንዴ፦ ሰባ ስምንት ደረሰ። የራሱ ማራገቢያ ደክሞት ይሆናል።

አረጋ፦ ታዲያ ስክሪኗ አታቀዘቅዘውም?

ወንዴ፦ ስክሪን ይነግራል እንጂ አያቀዘቅዝም።

አረጋ፦ ዘጠና ሲገባ ምን እናደርጋለን?

ወንዴ፦ ዘጠና አምስት ሲገባ ይጠፋል።

አረጋ፦ እሱማ ይጠፋል። እኛስ?

ወንዴ፦ እኛማ ቀድመን አውቀናል።

አረጋ፦ ሰማንያ ስድስት!

ወንዴ፦ ፕሪንተሩ ነው የሚያሞቀው! ወዲያ አርቀው! ... አይ፣ መብራቱ ነው፤ ኃይሉ በዝቶ ነው! ዝም ብለህ አትቁም፣ አራግብ!

[አረጋ ደብተር አንሥቶ ስክሪኗን በኃይል ማራገብ ይጀምራል።]

ወንዴ፦ ስክሪኗን አይደለም!

አረጋ፦ ቁጥሩ ያለው እሷ ላይ ነው! ዘጠና አንድ! ኧረ በማርያም! ዘጠና አራት!

[ድርግም። ሞኒተሩም ፕሪንተሩም ትንሿ ስክሪንም ይጠፋሉ።]

አረጋ፦ አስጠንቅቃለች። እውነት ለመናገር አልዋሸችም።

ወንዴ፦ ስንት ታተመ?

አረጋ፦ [ይቆጥራል] አሥራ ዘጠኝ። የመጨረሻው ላይ ሙሽራው አለ፣ ሙሽሪት የለችም። ግማሽ ስትቀር ይሄ አራተኛዋ ነው።

ወንዴ፦ አሁን ገባኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

አረጋ፦ ተመስገን!

ወንዴ፦ ስክሪኗ ሁለት መስመር አላት፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ሁለተኛው ላይ የማራገቢያውን ፍጥነት ላድርግበት።

አረጋ፦ ሁለተኛ መስመር! ሰውዬው፣ መኪናዋ ትሄዳለች!

ወንዴ፦ አንድ ሽቦ ነው የምቀጥለው። ዝም በል።

[ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ሽቦ ይፈልጋል። አረጋ በሩን ያያል፤ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብሎ ጋቢውን ይስበዋል፤ ዳንቴሉም ተከትሎ ይወርዳል። ተከናንቦ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ወንዴ ወጥቶ ዓይኑን ከሽቦው ሳይነቅል ይሰካና ኮምፒውተሩን ያስነሣል። ፕሪንተሩ ይጀምራል።]

ወንዴ፦ ሃምሳ። ሃምሳ ሁለት። ... ሃምሳ አንድ! ወረደ! አረጋ፣ ወረደ!

አረጋ፦ ካርዱስ?

ወንዴ፦ ሠላሳ አልፏል! አየህ ሁለተኛውን መስመር? ሰው የማያውቀውን ነገር ማቃለል የለበትም። እዚህ ከተማ ውስጥ ይሄን ማን ይሠራል? ማንም!

አረጋ፦ [ከጋቢው ውስጥ] ማንም።

ወንዴ፦ [ዞሮ ያየዋል] ጋቢውን! እርቃኑን አስቀርተኸው? ገና አሁን ሲሻለው? መልስ!

አረጋ፦ ገና አሁን ሞቀኝ...

ወንዴ፦ መልስ አልኩህ!

[ነጥቆ ኮምፒውተሩን መልሶ ይጀቡነዋል። ሁለቱም ስክሪኗን ያያሉ።]

ወንዴ፦ ሃምሳ ዘጠኝ። ስድሳ ስምንት። ምን ነካው? ሰባ አምስት! ሁለተኛውን መስመር ነካካኸው?

[አረጋ ተነሥቶ ጋቢውን ያነሣል። ይጠብቃሉ።]

ወንዴ፦ ሰባ። ስድሳ ሁለት።

[አረጋ ያለብሰዋል።]

ወንዴ፦ ሰባ ሦስት።

[አረጋ ይገፈዋል።]

ወንዴ፦ ስድሳ አራ...

አረጋ፦ ወንዴ፣ አሸተን ወጥታ የወረደች በቅሎ ምን ይደረግላታል?

ወንዴ፦ ኮርቻዋ ይወርድላታላ።

አረጋ፦ ለምን?

ወንዴ፦ ጀርባዋ እንዲተነ... [ዞሮ ጋቢውን ያያል።]

አረጋ፦ ይሄ ደግሞ ከጧት ጀምሮ ዳገት ላይ ነው፤ በሁለት ልብስ።

ወንዴ፦ [ወንበሩ ላይ ይወድቃል] መቼ ነው ያወቅኸው?

አረጋ፦ «አይታፈንም?» አልኩህ እኮ። አዋቂው አንተ ነህ፤ «ለኔ ተወው» ስትለኝ ለብሶ የሚሠራ ዓይነት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ወንዴ፦ ሦስት ቀን ሙሉ እኮ ነው ሽቦ ስበይድ የከረምኩት! ጣቴን አቃጥያለሁ!

አረጋ፦ አትዘን። ሥራዋን ሠርታለች።

ወንዴ፦ ምን ሠራች?

አረጋ፦ እኔ ብነግርህ አታምነኝም ነበር። እሷን ግን አመንካት።

[ፕሪንተሩ ሳያቋርጥ ያትማል። በኋላ፤ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። አረጋ ሁለት መቶውን ካርድ በላስቲክ ጠቅልሎ ያቅፋል፤ የላይኛውን አንሥቶ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያነባል።]

አረጋ፦ «ሙሽሪት ዳግማዊት አረጋ።» ሙሉ ነች! ደስ አለኝ ወንዴ፣ እግዜር ይስጥህ። [ጋቢውን እንደደረበ ወደ በሩ ይሮጣል።]

ወንዴ፦ አረጋ! ጋቢዬን!

አረጋ፦ እዚህ ከዋለ መልሰህ ታለብሰዋለህ! ለሠርጉ ስትመጣ ትወስደዋለህ!

[ይወጣል። ወንዴ ብቻውን ይቀራል። ነፋሱ ይገባል። ስክሪኗን ጎንበስ ብሎ ያነባል።]

ወንዴ፦ አርባ አንድ። ... አርባ። ... [ለኮምፒውተሩ፣ በለሆሳስ] በጣም ወረደብህ አይደል? በረደህ እንዴ?

[ግራ ቀኙን ያያል። ጃኬቱን ያወልቃል። ቀስ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሊጥለው ሲል በሩ በርገድ ይላል፤ አረጋ ራሱን ብቻ ያስገባል።]

አረጋ፦ ልበሰው!