እትዬ ሜትር ከአጥሩ ማዶ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት አሸንዳዬን የዘጋውን ቅጠል ላወጣ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሐረጉ የቆርቆሮ አጥሬን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ግቢ የወረደ አንድ ዱባ አለኝ። ፍሬው ከመክበዱ የተነሳ ሐረጉን ሊገነጥለው ደርሶ ነበርና ተስፋ ቆርጬበታለሁ። ከላይ ሆኜ ሳየው ግን በጨርቅ ታቅፎ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ እንዲያው የተቋጠረ አልነበረም፤ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተቀምቅሞ፣ ፍሬው በወፈረ ቁጥር እንዲሰፋ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ተተክሎለታል። አሮጊቷ ጎረቤቴ በርጩማ ላይ ቆመው አንዱን ቁልፍ ፈቱና ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አሸጋገሩት። ዱባዋንም "እሰይ፣ ደልበሻል" አሏት። እኔን አላዩኝም። አሸንዳውን ሳልነካ ወረድኩ።

ያን ቆርቆሮ ያቆምኩት እኒህን ሴት ላለማየት ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። ባለቤቴ እንደነገረችኝ ደግሞ ቅዳሜ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ የቀረኝ ሦስት ቀን ነበር ማለት ነው።

አንድ ሰው በጓሮው አንዲት ስንዝር መሬት በቆፈረ ቁጥር፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ አዋቂ ይበቅላል። ይህ ፍጥረት ዘር አይፈልግም፣ ፍግ አይፈልግም፤ ውርጭ አያጠወልገውም፣ ትል አይበላውም። አገጩን አጥር ላይ አሳርፎ "እንደሱ አይደለም" ይላል። አንባቢዬ፣ እርስዎም ጋ አንድ አይጠፋም። ከጠፋ ምናልባት እርስዎ ነዎት።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ሜትር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተው ሥራውን ቢተዉም መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት። እኔ ደግሞ ጉልምስና ላይ ደርሼ፣ ባገለገሉ ሁለት መጻሕፍት አትክልት መትከል ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የአንደኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ተገንጥሏል። ማውጫው እንደሚለው ምዕራፉ ስለ ምርት አሰባሰብ ነው። እስከ ዘንድሮ አላስፈለገኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ካሮት ስዘራ ሜትሩ በአጥሩ ላይ ተዘርግቶ ወረደ።

"በስንት በስንት ሴንቲ ነው ያራራቅኸው?"

"በዓይኔ ነው፣ እትዬ።"

"በዓይንህ! በዓይን የተሰፋ ሱሪ አውቃለሁ። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ቁጭ አላለም።"

ፈጣሪ ይመስገን፣ ካሮቱ በቀለ። ግን ተጨናንቆ ስለነበር እርስ በርሱ ተጠማዞ፣ እንደ ታመመ ጣት ተቆላልፎ ወጣ። "አላልኩህም?" አሉኝ። ይህን ቃል የሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ሐዘን ቤት የገቡ ይመስላሉ።

በጥቅል ጎመኑ ዘመን ቀንድ አውጣ ወረደብን። መደቡ አጠገብ ቆሜ ስለ ጎመኔ ስጸልይ ሰሙኝ።

"ጸሎቱንስ አታቋርጥ" አሉኝ ከማዶ፤ "ግን ጎንበስ ስትል ቀንድ አውጣውንም ልቀመው።"

ስለ ውሃ ሲያስተምሩ አፈር እንደ ሱፍ ጨርቅ ነው ይላሉ፤ ቀስ ተብሎ ካልራሰ ይሸበሸባል። ስለ ፍግ ሲያስተምሩ ትኩስ ፍግ እንደ ጋለ ካውያ ነው፤ ያቃጥላል። ለቲማቲሞቼ ማሰሪያ እንዲሆን ሁሉም እኩል የሆነ አርባ የጨርቅ ቁራጭ ቆርጠው በአጥሩ ላይ ሰደዱልኝ። አሥራ ሁለቱን ቲማቲም በአበባ ጨርቅ ስናስራቸው፣ ባለቤቴ "ሚዜ ናቸው እንዴ?" ብላ ሳቀች።

እነዚያ ቲማቲሞች ግን ዕድሜ ልኬን የተመኘኋቸው ነበሩ። ደረቴ ድረስ ደርሰው አበባ ይዘው ነበር። ለሥራ ሁለት ቀን ቆይቼ ስመለስ የአሥራ ሁለቱም ጫፍ ተቆርጧል። እትዬ ሜትር የጨርቅ መቀሳቸውን በረጅም እንጨት ላይ አስረው፣ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ከርክመዋቸዋል።

"ካልተቆረጠ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያስበው" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተሳሰረ!

"እትዬ፣ እርስዎ የራስዎ ጓሮ የለዎትም? ሄደው እሱን አይከረክሙም?" ብዬ ጮህኩባቸው። ሰፈሩ ሰማ። ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ፤ ቀስ ብለው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱትና ገቡ። በማግስቱ በአጥሩ ላይ ያን ረጅም ቆርቆሮ አስመታሁ።

ቆርቆሮው መጀመሪያ የቀጣው እኔን ነው። የጠዋቷን ፀሐይ ከለከለና ሰላጣው ቀጭጮ ቀረ። የተቆረጡት ቲማቲሞች ግን ከጎናቸው አቆጥቁጠው፣ ቀጥለውም ያለ ልክ አፈሩ። በባልዲ ለቀምን፤ ለዘመድ ላክን። ሳህኑ ላይ ስቆርጣቸው እያንዳንዷ ቲማቲም "አላልኩህም?" የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ከማዶ ግን ድምፅ የለም። ብቻዬን ስቆፍር ቆይቼ አንድ ቀን "እንደሱ አይደለም" የሚል ሰማሁ። ዞር አልኩ። የተናገርኩት እኔው ነበርኩ።

ታዲያ ያን ረቡዕ መሰላሉ ላይ ሆኜ ያየሁት ዱባውን ብቻ አልነበረም። ስድስት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ከአጥሩ በላይ ሁልጊዜ የእሳቸው ራስ ስለነበር ከራሳቸው አልፌ ግቢያቸውን አይቼ አላውቅም። ለካ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው! ልጃቸው ስትመጣ መኪናዋን ጭቃ እንዳይነካው ተብሎ የተለሰነ፣ አንዲት ሣር እንኳ የማታበቅል ሲሚንቶ። ጓሮ የለዎትም ወይ ያልኳቸው እኒያን ሴት ነው። እውነትም አልነበራቸውም።

ሐሙስ ከሥራ መልስ በራቸውን አንኳኳሁ። ጨርቅ እያጣጠፉ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

"መጀመሪያ እግርህን ጥረግ።"

ጠረግሁ።

"ያን ቀን የተናገርኩት ነገር…"

"ጮክ ብለህ ነው የተናገርከው። ሰምቼሃለሁ፤ አትድገመው።" አንድ ጨርቅ አጣጠፉ፤ ደግመው ፈተው አጣጠፉት። "እኔም የሰው አጥር ተሻግሬ መቀስ ሰድጃለሁ። ይቅር ለእግዜር።"

"ደግሞ ላመሰግንዎ ነው። ቲማቲሙ እንደዘንድሮ አፍርቶ አያውቅም።"

የተለመደውን ቃላቸውን ጠበቅሁ። አልመጣም። እጃቸው ጨርቁ ላይ ቀረ።

"አፈራ?"

"በባልዲ ነው የለቀምነው።"

"እኔን ደስ ለማሰኘት ነው?"

"ከዋሸሁ ይፍረድብኝ፣ እትዬ።"

አንድ የታሸገ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። "እኔኮ የገደልኩት መስሎኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አምስት ወር ሙሉ፣ የሰው ልፋት ገደልኩ ስል ነው የከረምኩት። ቆርቆሮው ሲቆም 'ይበለኝ' ነው ያልኩት።"

"እርስዎ? ይህን ሁሉ የሚያውቁት?"

"ምን አውቃለሁ አንተ! ስሰፋ ሬዲዮ እከፍት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ስለ አትክልት ያወራሉ። ሠላሳ ዓመት ሰማሁ። በዚህ እጄ ግን…" መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ የጣታቸው ጫፍ መርፌ የጠቀጠቀው ነው፤ "በዚህ እጄ አንድ ዘር አፈር አስገብቼ አላውቅም። ቤት ስከራይ፣ ልጅ ሳሳድግ፣ መሬት ሳጣ አለፈ። ያንተ ጓሮ ነበር የኔ ጓሮ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ "እስቲ ገብተው ይትከሉ" ብላቸው ምን ነበረበት? በሩ ክፍት ነበር፤ አፈሩም አያልቅም ነበር። አሥራ ሁለት ቲማቲም ከሚያህል ጸጋ አንዱን እንኳ "ይህ የእርስዎ ነው" ማለት ተሳነኝ። አጎንብሼ፣ ቁጭ ሲሉ ከእጃቸው የወደቀውን ጨርቅ አነሳሁላቸው።

ተቀብለውኝ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጡትና ወደ በሩ፣ ከዚያም ወደ እኔ አዩ። የስድስት ዓመት አስተማሪነታቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

"ልጄ አምስተኛ ፎቅ ነው ያለችው፤ ጠባብ በረንዳ አላት" አሉ። "ከጓሮህ ሁለት ጆንያ አፈር ትሰጠኛለህ? ሊፍት የለውም፤ ተሸክመህ ማውጣቱም ያንተ ነው። ከዚያ ደግሞ አስቀምጠህ እንዳትሄድ፣ የኔ ልጅ። ዘሩ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ጣቴን ይዘህ አሳየኝ።"